የቢሊያርድ ሻምፒዮን ክብር ከየት ይመጣል?



በ1981 የሕንድ መንግሥት ማይክል ፌሬራ ለተባለ የቢሊያርድ ተጫዋች ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የአገሪቱን የክብር ሽልማት ሊሰጠው ወሰነ፤ ፌሬራ ግን አልቀበልም አለ። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፌሬራ የዓለም አማተር ቢሊያርድ ሻምፒዮን ነበር። ያነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ ለክሪኬት ተጫዋቹ ለሱኒል ጋቫስካር የተሰጠው ከፓድማ ሽሪ በአንድ ደረጃ የሚበልጠው ፓድማ ቡሻን ነው፤ ታዲያ ዓለምን ያሸነፈ የቢሊያርድ ተጫዋች ከእሱ በምን ያንሳል? ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1983፣ ያንኑ ፓድማ ቡሻን ተሸለመ። ክብር ይሰጣል እንጂ አይጠየቅም የሚል ልማድ ያለን ሰዎች ይህን ስንሰማ ትዕቢት ሊመስለን ይችላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሜዳልያ ለማግኘትማ የተሰጠውን ዝም ብሎ መቀበል ይበቃው ነበር። የፈለገው ሁለቱ ስፖርተኞች በአንድ ሚዛን እንዲመዘኑ ነው፤ ይህን ለማስረዳትም እጁ የገባውን ሽልማት ሳይቀር ለመተው ፈቀደ።

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ይኸው ሚዛን ነው። ኑሮውን በስቲክና በኳስ የመሠረተ ሰው፣ ዓለም አቀፍ ውድድር አሸንፎ የተመለሰ የፑል፣ የስኑከር ወይም የቢሊያርድ ባለሙያ፣ አገሩ ስሟን እንዳስጠራ ልጅ ልትቀበለውና ልትሸልመው ይገባል ወይ? መልሴ ይገባል ነው። ይህን የምለው ለተጫዋቹ ደስታ ብቻ ተጨንቄ አይደለም። ሕዝብ በይፋ የሚያከብረው ሙያ ሕግ ይወጣለታል፣ ዳኛ ይቆምለታል፣ ውጤቱ ይመዘገባል፣ ያጠፋም ይቀጣበታል። ሕዝብ ፊቱን ያዞረበት ሙያ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም፤ ቁማርተኛውና አፈ ጮሌው ይወርሱታል። ሁለቱንም መንገድ የሄዱ አገሮች ስላሉ ነገሩን ከታሪካቸው ማየት እንችላለን።

ከሕንድ ልጀምር። ስኑከር ራሱ የተወለደው እዚያው ነው። በ1875 ጀበልፑር ላይ በሰፈረው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ኔቪል ቻምበርሊን የተባለ መኮንን (በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነው ሰው ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም) የሌሎች የቢሊያርድ ጨዋታዎችን ሕግ እያቀላቀለ እንደጀመረው ይነገራል። እንግዲህ ቢሊያርድ ሕንድ የገባው የገዥዎች ክበብ መዝናኛ ሆኖ ነው። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ በቅኝ ገዥዎች ክበብ የተለመደውን ነገር ሁሉ ንቃ ብትተው የሚፈርድባት አልነበረም። ነገር ግን በ1958 ዊልሰን ጆንስ ካልካታ ላይ የዓለም አማተር ቢሊያርድ ሻምፒዮን ሆነ፤ በግል ስፖርት የዓለም ሻምፒዮን ለመባል የበቃ የመጀመሪያው ሕንዳዊም እሱ ነው። በ1965 ፓድማ ሽሪን ተቀበለ፤ በ1996 ደግሞ ለአሠልጣኞች የሚሰጠውን የድሮናቻርያ ሽልማት ወሰደ። በተጫዋችነቱ የተከበረው ሰው ተተኪ በማፍራቱም ተከበረ ማለት ነው። በመሐል የፌሬራ ሙግት መጣ። ከዚያ መንግሥት ኬል ራትና የሚባለውን የአገሪቱን ከፍተኛ የስፖርት ሽልማት አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ተሸላሚ የቼዝ ተጫዋቹ ቪስዋናታን አናንድ፣ ሁለተኛው የቢሊያርድ ተጫዋቹ ጊት ሴቲ ሆኑ። ከመቶ ሚሊዮኖች ሕዝብ መካከል ለከፍተኛው ሽልማት በመጀመሪያ የተጠሩት ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ ነበሩ። ቀጥሎ የመጣው ፓንካጅ አድቫኒ ከ25 በላይ የዓለም ዋንጫዎችን ሰብስቧል፤ ኬል ራትናን፣ በ2009 ፓድማ ሽሪን፣ በ2018 ፓድማ ቡሻንን ተሸልሟል። ከሜዳልያው ባልተናነሰ የሚያስፈልገውን ነገርም አግኝቷል፤ የመንግሥቱ የነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ኮርፖሬሽን ቀጥሮት ስፖርቱን በደመወዝ እየተደገፈ ተጫውቷል። ክብር እንጀራ ካልሆነ ተጫዋቹ ወይ ሙያውን ይተዋል፣ ወይ በገንዘብ ወደሚያስይዙት ይሄዳል።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ምን ነበር ብንል፣ በቁጥር የተጻፈ መዝገብ ነው። በእንግሊዝ ቢሊያርድ ጠረጴዛው ላይ የሚቆሙት ኳሶች 3 ብቻ ናቸው። ተጫዋቹ በራሱ ኳስ ሁለቱን ሌሎች ከነካ 2 ነጥብ፣ ቀዩን ቀዳዳ ውስጥ ከከተተ 3 ነጥብ ያገኛል፤ ነጥብ እስካገኘ ድረስም ተራው የእሱ ነው። ፌሬራ በ1978 በብሔራዊው ሻምፒዮና በአንድ ተራ 1149 ነጥብ ሰበሰበ፤ ከአማተሮች 1000ን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሴቲ በ1992 በዓለም የሙያተኞች ሻምፒዮና ላይ 1276 አስቆጠረ። በ2 እና በ3 እየተደመረ እዚያ ለመድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ምት ያለ አንዲት ስሕተት መምታት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ እያንዳንዱን ምት ሲመታ የሚያስበው ነጥቡን ብቻ አይደለም፤ 3ቱም ኳሶች ለሚቀጥለው ምት በሚመች ቦታ እንዲቆሙ ኃይሉን መመጠን፣ ስቲኩ ኳሷን የሚነካበትን ነጥብ በጥቂት ሚሊ ሜትር መምረጥ አለበት። አንዷ ኳስ አንድ ስንዝር አልፋ ከቆመች የተያዘው ሥራ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ይህን ዳኛ ቆሞ ስለቆጠረው፣ ፌዴሬሽኑም ስለመዘገበው፣ ቢሊያርድ አይቶ የማያውቅ ባለሥልጣን ሳይቀር ወረቀቱን አንብቦ የሰውየውን ልክ ማወቅ ቻለ። ፌሬራ ፊት ለፊት ሊሟገት የቻለውም ይህ ስለነበረው ነው።

አሜሪካ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። ዊሊ ሞስኮኒ ከ1941 እስከ 1957 ድረስ 15 ጊዜ የዓለም የፑል ሻምፒዮን ሆኗል። የሚጫወተው ስትሬት ፑል የሚባለውን ነው፤ 15 ኳሶች ይደረደራሉ፣ እያንዳንዷ የገባች ኳስ 1 ነጥብ ናት፣ አንዲት ብቻ ስትቀር የገቡት 14 እንደገና ይደረደራሉ። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ የቀረችውን ኳስ በሚያስገባበት በዚያው ምት፣ ነጯ ኳስ ሄዳ አዲሱን ድርድር መበተን አለባት። ካልበተነችው የሚመታት ክፍት ኳስ ያጣል፤ አጥብቆ ከመታት ደግሞ ነጯ ራሷ ቀዳዳ ልትገባበት ትችላለች። ሞስኮኒ በ1954 በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ አንድም ሳይስት 526 ኳሶችን በተከታታይ አስገባ፤ ያን አስጨናቂ ምት 37 ጊዜ ያህል ተሻግሮታል ማለት ነው። በቦታው የነበሩ ሰዎች ያዩትን በፊርማቸው አረጋገጡ። ቁጥሩ ከ60 ዓመታት በላይ ሳይደረስበት ቆይቶ በ2019 ጆን ሽሚት 626 አስገብቶ አለፈው።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራውን ሰው ሰፊው የአሜሪካ ሕዝብ ምን ያህል አወቀው? በ1961 «ዘ ኸስለር» የተባለው ፊልም ወጣ። ፖል ኒውማን በገንዘብ እየተወራረደ የሚኖር የፑል ተጫዋች ሆኖ ሠራ፤ ሞስኮኒም የፊልሙ የሙያ አማካሪ ነበር። ፊልሙ ቀዝቅዞ የነበረውን ጨዋታ አሙቆታል፤ በሕዝቡ ልብ ውስጥ የተከለው ግን የአታላዩን ቁማርተኛ መልክ ነው። ወዲያው ሩዶልፍ ዋንደሮን የሚባል ተጫዋች «ሚኔሶታ ፋትስ ተብሎ ፊልሙ ላይ የተሣለው እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ፤ ስሙንም የራሱ አደረገው። ዋንደሮን ችሎታ አልነበረውም ለማለት አልደፍርም፤ ትልቅ ሻምፒዮና ግን አሸንፎ አያውቅም። ጨዋታና ወሬ ያውቅበት ስለነበር በቴሌቪዥን ገነነ። ሞስኮኒ በበኩሉ ዕድሜውን ሙሉ አምሮበት ለብሶ እየቀረበ ፑል የጨዋ ሰው ስፖርት ነው እያለ ይሟገት ነበር። በ1978 ሁለቱ በኤቢሲ ቴሌቪዥን ፊት ተገናኙ፤ ያሸነፈው ሞስኮኒ ነው፤ የገነነው ስም ግን የዋንደሮን እንደሆነ ቀረ። በ1986 ኒውማን ያንኑ ገጸ ባሕርይ «ዘ ከለር ኦፍ መኒ» በተባለው ፊልም እንደገና ተጫውቶ ኦስካር ወሰደ። ተዋናዩ ለጥበቡ መሸለሙ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ የፑል ተጫዋች መስሎ የሠራው ሰው በመላው ዓለም ሲጨበጨብለት፣ ፑልን በእውነት የተጫወቱት ሰዎች ክብር በሙያው ማኅበር የዝና መዝገብ ውስጥ ተዘግቶ መቅረቱ ነው። መዝገቡ አሜሪካም ውስጥ ነበረ፤ ከሙያው ሰዎች ውጭ አውጥቶ ለሕዝብ ያነበበው አካል ግን አልነበረም። ባዶውን ቦታ ተረት ሞላው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ ቁማር ነው። ፑል ባለበት ገንዘብ ይያዛል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ያፈራውን ሰው ማክበር ቁማርን ማክበር አይሆንም ወይ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ አቅልዬ ላልፈው አልፈልግም። ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ ከምንጊዜም ታላላቅ የፑል ተጫዋቾች አንዱ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ያደገው በማኒላ የአጎቱ ፑል ቤት ውስጥ ነው፤ ሙያውን ያሾለውም ብዙውን በገንዘብ ጨዋታ ነው። በ1996 ሆንግ ኮንግ ላይ ከአሜሪካዊው ኧርል ስትሪክላንድ ጋር ቀድሞ 120 ጨዋታ ላሸነፈ 100000 ዶላር የሚሰጥበት ግጥሚያ ገጥሞ 120 ለ117 ረትቷል። ነገር ግን ያው ሰው በ1999 ካርዲፍ ላይ ናይን ቦል በሚባለው የፑል ዓይነት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የአገሩን መለያ ለብሶ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ተሰለፈ። ከሚያስይዙት ሰዎች መካከል ያወጣው ምክር ወይም ቁጣ ሳይሆን ሌላ የሚሄድበት መድረክ መኖሩ ነው። መድረክ ሲባልም ትልቅ ገንዘብ ብቻ ማለት አይደለም። በ2006 ሬየስ ሪኖ ላይ 500000 ዶላር የተመደበለትን፣ ኤይት ቦል የሚባለውን የሌላ ፑል ዓይነት ውድድር አሸነፈ፤ አዘጋጁ ድርጅት ግን የአሸናፊዎቹን ገንዘብ በወቅቱ መክፈል አቅቶት ተጫዋቾቹ ደጅ ጠኑ። ኃላፊነት የሚወስድ አካል የሌለበት ስፖርት ሻምፒዮኑን ሳይቀር እንዲህ ያጉላላል።

ቁማርን ስለመቆጣጠር ከሆነ ከሁሉ የሚያሳምነኝ የስኑከር ምሳሌ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው በ1927 ሲጀመር ጆ ዴቪስ አሸንፎ ያገኘው 6 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ነበር። በ1963 ያው ሰው ከእንግሊዝ ዘውድ የክብር ኒሻን ተቀበለ፤ በ1985 ዴኒስ ቴይለርና ስቲቭ ዴቪስ በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ የተለያዩበትን ፍጻሜ 18.5 ሚሊዮን ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሳይቀር በቴሌቪዥን ተከታተለ፤ በ1988 ስቲቭ ዴቪስ በቢቢሲ ተመልካቾች ምርጫ የዓመቱ ስፖርተኛ ተባለ። ክብሩ እዚህ ደርሶም ማጭበርበር አልጠፋም። በ2023 ከጨዋታ ውጤት ሽያጭ ጋር በተያያዘ 10 ቻይናውያን ተጫዋቾች ተቀጡ፤ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ታገዱ። ይህን አንዳንዱ የስፖርቱ ውርደት አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ የማየው ቅጣት መሥራት መቻሉን ነው። እነዚህ ሰዎች ፈቃድ፣ ደረጃና ስም ነበራቸው፤ የሚነጠቁት ነገር ስለነበራቸው ተነጠቁ። በአንድ መንደር ፑል ቤት ውስጥ ገንዘብ ይዞ ሆን ብሎ የሚሸነፈውን ጎበዝ ማን ከምን ያግደዋል? መዝገብ ላይ ስሙ የለም።

ሁለተኛውን ተቃውሞ የሚያነሡት ወላጆች ናቸው፤ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ደጋግመን እንሰማዋለን። ልጆች ከትምህርት ቤት ጠፍተው ፑል ቤት ይውላሉ፣ እዚያው ጫትና ሲጋራ ይለምዳሉ ይላሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። የትምህርት ቤት አጥር ጥግ የተተከለ ጠረጴዛ፣ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እያስገባ የሚያስከፍል ባለቤት በሕግ ሊያዝ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከተዘጋው ቤት ጋር አብሮ የሚዘጋውን ነገርም እንመልከት። ከከረንቡላው ዘመን ጀምሮ በከተሞቻችን በስቲክ የተካኑ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ፤ በየሰፈሩ «እሱን የሚችለው የለም» ይባልላቸዋል። ችሎታቸው ከሰፈሩ ወጥቶ የሚመዘንበት ቦታ ካላገኘ የሚቀርላቸው በሻይ፣ በቢራ ወይም በብር መጫወት ነው። በ1960 አበበ ቢቂላ ከሮም ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸልመው ማዕርጉን ከፍ አድርገውለታል፤ ያ ክብር ምን ያህል ልጅ ለሩጫ እንዳስነሣ እናውቃለን። ሩጫን ከፑል ጋር በአንድ ደረጃ አስቀምጡ ማለቴ አይደለም። ክብር የልጅን መንገድ እንደሚመራ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እኛ እናውቀዋለን፤ ያወቅነውን ነገር ለሌላውም ስፖርት እንሥራበት ነው የምለው።

ላብ የሌለበት ጨዋታ ስፖርት አይባልም የሚለውን ሙግት ባጭሩ ላልፈው። ተኩስና ቀስት በኦሊምፒክ ሜዳልያ ያሰጣሉ፤ እዚያም የሚለካው የእጅ ጽናት፣ የዐይን ትክክለኛነትና የልብ መረጋጋት ነው። የዓለም ቢሊያርድ ኮንፌዴሬሽንም በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1998 ዕውቅና አግኝቷል፤ ስፖርቱ ከ2001 ጀምሮ በዓለም ጨዋታዎች ይካሄዳል። ኦሊምፒክ ውስጥ ግን አልገባም፤ ለፓሪስ 2024 ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም፤ ከእስያ ጨዋታዎችም ከ2010 በኋላ ወጥቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር ተጫዋቾቹን ጎድቷቸዋል፤ መንግሥታት ገንዘብ የሚመድቡት የሜዳልያ ሰንጠረዥ እያዩ ነውና። አድቫኒ በ2006 ዶሃ ላይ፣ በ2010 ጓንዡ ላይ የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ አግኝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወርቁን የሚከላከልበት ቦታ ጠፋ። ሕንድ ግን ስፖርቱ ከሰንጠረዡ ወጣ ብላ ተጫዋቿን አልተወችውም፤ ፓድማ ቡሻንን የሸለመችው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2018 ነው።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ እሱም የድህነት ነው። ሯጮቻችን የሚለማመዱበት መም በማይበቃበት አገር ለፑል ተጫዋች ሽልማት ማሰብ ቅንጦት አይሆንም ወይ ይባላል። ለዚህ ከማውቀው መልስ ሁሉ የሚበልጥብኝ ጊት ሴቲ የሠራው ነው። ስፖርቱ ኦሊምፒክ ያልገባለት ይህ ሰው፣ አገሩ ባከበረችው ስም ተጠቅሞ ከባድሚንተን ተጫዋቹ ከፕራካሽ ፓዱኮኔ ጋር በ2001 ኦሊምፒክ ጎልድ ኩዌስት የተባለ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ የሕንድ አትሌቶች የኦሊምፒክ ሜዳልያ እንዲያገኙ ገንዘብ፣ አሠልጣኝና ሕክምና ያቀርባል። ለቢሊያርድ ተጫዋቹ የተሰጠው ክብር ከሌሎቹ ስፖርተኞች የተቀነሰ ድርሻ እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይመጣል?

ደግሞም መነሻው ገንዘብ አይጠይቅም። ኒሻኑና አቀባበሉ የሚመጡት በመጨረሻ ነው፤ ውጤት ያልተመዘገበለትን ሰው ሻምፒዮን ብሎ መሸለም የሰፈር ዝናን ማጽደቅ ይሆናል፤ የዋንደሮንንም ስሕተት መድገም ነው። በመጀመሪያ በአንድ ክፍለ ከተማ ያሉ ፑል ቤቶች በአንድ ሕግ ይጫወቱ፤ ኤይት ቦል በየቤቱ ሕጉ የተለያየ ከሆነ አሸናፊውን ማወዳደር አይቻልምና። በግጥሚያው የማይጫወት ዳኛ ይቁም። ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ስንት ለስንት እንደተለያዩ፣ ቀኑና የዳኛው ስም በደብተር ይጻፍ፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ይፈርሙበት። ገንዘብ ያስያዘ ከውድድሩ ይሰረዝ፤ መሰረዙም ይጻፍ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት ያስገባ ቤት ውድድር የማዘጋጀት ዕድሉን ይጣ። ጋዜጠኞችም የእሑድ የእግር ኳስ ውጤት በሚነበብበት ፕሮግራም መጨረሻ ላይ የእነዚህን ግጥሚያዎች ውጤት ከነስማቸው ያንብቡልን፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።